ደንበኛሽ አልሆንም!

«ወይኔ ጉዴ! ሰበርኩት እንዴ?»

ዋነስ ለሊስቤት የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይቺ ናት። በዝናብ ርሶ፣ በአጭሩ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ የጎማ መንፊያውን በእግሩ መታው። መንፊያው መደርደሪያውን ይዞ ወደቀና ሱቁ ሙሉ ጎማ በጎማ ሆነ። ሊስቤት እጇ በግሪስ እንደጠቆረ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጀርባ ብቅ አለች።

«አልሰበሩትም። ግን ካሁን በኋላ ሳይገዙ መውጣት የለም!» አለችው እየሳቀች።

«እርስዎ ነዎት ባለሱቋ?»

«አንቺ በለኝ። እርስዎ የሚባለው አባቴ ነው። እሱም ቢሉት ይቆጣል።»

ሰውየው ፈገግ አለ። ኋላ ስትረግማት የከረመችው ያቺን ፈገግታ ነው።

ሱቁ ሄራርድስበርገን በምትባል ከተማ፣ «ግንቡ» ከሚባለው የኮብልስቶን ዳገት ሥር ነው። አባቷ ኦክታፍ አርባ ዓመት ብስክሌት የሠራበት ቤት ነው። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መፍቻውን ለልጁ አስረክቦ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ መተቸት ነው ሥራው። መፍቻውን ሲያስረክባት ሁለት ሕግ አብሮ አስረክቧታል።

የመጀመሪያው፣ ካርድ ከሱቅ አይወጣም። እዚያ ቤት ብስክሌት የሚገዛ ሰው እግሩ፣ ክንዱ፣ ትከሻው ይለካል። ቁጥሩ በእርሳስ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ብስክሌቱን የወሰደ ቀን ካርዱ ግድግዳ ላይ በምስማር ይመታል። ብረትማ ማንም ይሸጣል! የዚያ ቤት እውቀት ያቺ ካርድ ናት።

ሁለተኛው፣ ፍሬን አይዘለልም። የማንም ብስክሌት ይሁን፣ ከየትም ይገዛ፣ ፍሬኑ የተበላሸ ካየህ ትናገራለህ። በነጻም ታስተካክላለህ። ለወዳጅም፣ ለጠላትም።

ሊስቤት ሁለቱንም ሕግ ሽራለች። አንዱን ለፍቅር፣ አንዱን ለበቀል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዋነስ ከባሕሩ ዳርቻ፣ ከኦስተንደ የመጣ አዲስ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በዕድሜው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። በዚያች ከተማ ደግሞ እሑድ ጠዋት ብስክሌት ላይ ያልወጣ ሰው ታሟል ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ሊለካ መጣ። አንድ ሰዓት የሚበቃውን ሥራ በአራት ቅዳሜ ጨረሱት። ሁለቱም ቅር አላላቸውም!

«ቀጥ በል... ትንፋሽህን አትያዝ።»

«አንቺ እኮ ነሽ ያስያዝሽኝ።»

«ክንድህን ዘርጋ ነው ያልኩህ፣ ምላስህን አላልኩም!»

ኦክታፍ ከወንበሩ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ልጄ፣ የዚህ ሰው ክንድ ባለፈው ሳምንት አልተለካም እንዴ? በሳምንቱ አደገ?»

ሊስቤት ፊቷ ይቀላል። ከዳቦ ቤት ያመጣችውን ትኩስ የአይብ ኬክ ቆርሳ ለሁለቱም ትሰጣለች። ዋነስ ፍርፋሪውን ከጢሙ ላይ ሳያራግፍ ያወራል፤ እሷም እያየች አትነግረውም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ሱቋ እየገባ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ኮርቻ ሞክሮ፣ ከበሩ ሳይርቅ ስልኩን አውጥቶ ኦንላይን ሲያዝ አይታለች። ይኼኛው ግን ስልኩን አውጥቶ አያውቅም። በዚህም ወደደችው።

በአራተኛው ቅዳሜ ኦክታፍ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል። ዋነስ ካርዱን አንስቶ ብዙ አየው።

«ጽሕፈትሽ ያምራል... ፎቶ ላንሳው?»

«ካርድ ከሱቅ አይወጣም።»

«ካርዱ የት ይሄዳል? ፎቶው ነው እኮ። ቤቴ ሆኜ ላየው።»

ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች። ያንኮራፋል።

«ቶሎ በል!» አለችው በሹክሹክታ።

አነሳው። ሲወጣ እጇን ያዝ አድርጎ ለቀቀ። የዚያን ቀን ሊስቤት የአንድ ደንበኛ የፊት ጎማ ከኋላ ገጥማ፣ እንደገና ፈታችው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠፋ። «ፈተና እያረምኩ ነው፣ ናፍቀሽኛል» የሚል መልእክት ብቻ ላከ። ሊስቤት መልእክቱን እያነበበች ለእሱ የሚሆን ሰማያዊ ብስክሌት መረጠች። ከሌላ ደንበኛም ደበቀችው።

በመጋቢት የመጀመሪያ እሑድ የከተማው የብስክሌት ማኅበር የዓመቱን መክፈቻ ጉዞ ሊያደርግ አደባባይ ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሮምባውት፣ ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል የማያንስ ዳቦ ጋጋሪ፣ ስም ይጠራል። ያኔ ዋነስ መጣ። ከሥሩ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ ብስክሌት!

«ሰርፕራይዝ!» አለ ቀጥታ ወደ ሊስቤት መጥቶ። «ከእንግሊዝ አገር ነው ያስመጣሁት። ሳጥኑ ሐሙስ ደረሰ፣ መሪውንና ኮርቻውን ራሴ ገጠምኩት! ደግሞ ልኩ... ልክክ አለልኝ! ያንቺ ቁጥር እኮ ነው!»

ሊስቤት ኮርቻውን አየችው። ከፍታው የሷ ቁጥር ነው። መሪውን አየችው። እሱም የሷ ቁጥር ነው። አራት ቅዳሜዋ በሰው አገር ብረት ላይ ተገጥሞ ቆሟል።

ሮምባውት ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «አይ ሊስቤት! ልክ የምትወስጂው አንቺ፣ ልብሱ የሚሰፋው ሌላ ቤት! ለመለኪያሽስ አመሰገነሽ?»

ሃያ ሰው ሳቀ።

ሊስቤት ብስክሌቷን አዙራ ወደ ቤቷ ነዳች። ዋነስ «ሊስቤት! ምን ሆንሽ?» እያለ ሲጠራት ሰምታለች። አልዞረችም።

ማልቀሱን አለቀሰች። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ እንባዋ ደረቀና ቂም ሆነ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሱቁ መጣ።

«ምን አጠፋሁ? እኛ አገር እኮ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚገዛው!»

«ካርዴን ሰርቀሃል።»

«ፈቅደሽልኝ ነው ያነሳሁት!»

«የፈቀድኩት ለሚያየው ሰው ነው፣ ለሚሸጠኝ አይደለም!»

«ሊስቤት፣ ስሚኝማ... ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በኋላ ካቴናው ይንጫጫል፣ እስቲ አንዴ...»

«ሳጥንህን ጠይቀው!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

በሩ ላይም «ከሳጥን የወጣ ወደ ሳጥኑ ይመለስ» ብላ ጽፋ ለጠፈች። የከተማው ሰው እያነበበ ይስቃል። ኦክታፍ ግን አላሳቀውም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለ ወደ ምድጃው ዞሮ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ስታበራ ያያታል፤ ዋነስን በልቧ ይዛ እንደምታበራም ያውቃል። ሊስቤት አልሰማችም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ! ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ዋነስ ሰው ሁሉ ፊት ሲዋረድ ታየዋለች። አንድ ቀን እንደሷ ሲሳቅበት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። እሑድ ሲነጋ ዘነበ። ማኅበሩ ግንቡን ወጥቶ በጀርባው በኩል ባለው የኮብልስቶን ቁልቁለት ሊወርድ ነው። ዋነስም መጥቷል፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ። ከሊስቤት ሁለት ሜትር ርቆ ቆመ። አላየችውም፤ ብስክሌቱን ግን አየችው። የሜካኒክ ዓይን ነገር ሆኖባት!

ዋነስ ጭንቀቱን የሚያወጣበት አጥቶ በቀኝ እጁ ፍሬኑን ይዞ ይለቃል፣ ይዞ ይለቃል። በያዘ ቁጥር የሚነክሰው የፊተኛው ጎማ ነበር።

ሊስቤት ወዲያው ገባት። በዚያ አገር ብስክሌት ሁሉ ቀኙ የኋላውን፣ ግራው የፊቱን ነው የሚይዘው። እንግሊዞቹ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጥፋት አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። ግን ሮምባውት በዝናብ ቀን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ምን ብሎ እንደሚጮኽ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

*ልንገረው?*

አፏን ከፈተች። ያኔ ሮምባውት አያትና ጠቀሳት። «እንዴት ነው ሊስቤት፣ ዛሬ ማንን ለክተሻል?» ሰዎቹ ሳቁ። ዋነስም... ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ፈገግ አለ። ያቺኑ ፈገግታ!

አፏን ዘጋችው። *ይውደቅ* አለች በልቧ። *ትንሽ ይላጥ፣ ትንሽ ይሳቅበት። እኔስ ተስቆብኝ የለ?*

ግንቡን ወጡ። ከላይ ሮምባውት ክንዱን አንስቶ እንደ ሁልጊዜው ጮኸ።

«ልጆች! ረጥቧል! ቀኙን ብቻ! በግራችሁ እንዳትነኩ፣ ቀኙን ብቻ!»

ሁሉም ቀኙን ብሎ ወረደ። ዋነስም ታዛዥ ነው፣ ግራ እጁን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። ሊስቤት ከኋላው ነበረች። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ታያት። ከታች ያለው ኩርባ፣ የድንጋዩ አጥር፣ የዋነስ ራስ። ይኼ መላጥ አይደለም!

«ዋነስ! ግራውን! ግራ—»

ዘገየች። ኩርባው ጋ ሲደርስ ቀኙን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። የፊት ጎማው ቆመ፤ እሱ ግን አልቆመም። በመሪው ላይ ተሻግሮ ሄደና በትከሻው ድንጋዩ ላይ ወደቀ።

የትከሻው አጥንት ለሁለት ተሰበረ። አገጩ በስድስት ስፌት ተሰፋ። ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ አጥሩን የሚመታው በራሱ ነበር፤ ሐኪሙ እንዲያ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሮምባውት የተጣመመውን ብስክሌት በዳቦ መኪናው ጭኖ ሱቁ አደረሰው። «የእጁን አገኘ! ኦንላይን የገዛ ኦንላይን ይታከም!» ብሎ ስቆ ሄደ።

ኦክታፍ ከወንበሩ ተነሣ። በሚንቀጠቀጥ እጁ የቀኙን ፍሬን ያዘ። የፊት ጎማውን አየ። ለቀቀ። እንደገና ያዘ። ከዚያ ልጁን አያት።

«አላየሽም?»

ሊስቤት መዋሸት ትችል ነበር። የአባቷ ዓይን ግን ፊቷ ላይ ነው።

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ሳንነሳ። ታች ሆነን።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ካርድ ማሳየትሽን አውቃለሁ። ያን ቀን አልተኛሁም ነበር። ወጣት ናት፣ ወደደች ብዬ ዝም አልኩ። ይኼ ግን...»

«አባዬ ናቀኝ! ሃያ ሰው ፊት አዋረደኝ!»

«ይናቅሽ! ፍሬኑ ምን አደረገሽ?» ድምፁ ሱቁን አናወጠው። «አርባ ዓመት ሰው ልጁን እዚህ ቤት ብስክሌት ላይ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው? ዋጋችን ረክሶ ነው? አዩ ብለው ስለሚያምኑን ነው! አየሽና ዝም አልሽ... እንግዲያ እኛስ ከሳጥን በምን ተሻልን?»

ሊስቤት ኮቷን አንስታ ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ ዋነስ ትከሻው ታስሮ ተኝቷል። ሲያያት ፊቱ በራ። ይኼ ነው የጎዳት።

«መጣሽ! ጠርተሽኛል፣ ሰማሁሽ እኮ... ግራውን አልሽ።»

«ዋነስ... ፍሬንህ የተገላቢጦሽ ነበር።»

«አሁን ነገሩኝ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!»

«አይቼው ነበር። አደባባዩ ላይ፣ ሳንነሳ። አይቼ ዝም አልኩ። እንድትወድቅ ፈልጌ ነው።»

ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ።

«በብስክሌት ምክንያት?»

«በብስክሌት አይደለም። በአራት ቅዳሜ።»

«ውጪልኝ» አለ ቀስ ብሎ። እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት። «ሊስቤት! ይቺን ሳልመልስልሽ አልቀርም። እወቂው!»

«መልስ» አለችው። «መብትህ ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ማኅበሩ ተሰብስቦ ቢራውን እያነሳ «ኦንላይን ይታከም!» ሲል ሊስቤት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«የሳጥኑ ጥፋት አይደለም» አለች። «ፍሬኑ የተገላቢጦሽ መሆኑን አይቻለሁ። ጋሼ ሮምባውት ቀኙን ብለው እንደሚጮኹም አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሮምባውት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ተሰማ።

«በጮኽኩት እኔ ነኛ የጣልኩት... በኔ አፍ ነው የተበቀልሽው?» አለ። ከዚያም ገጹን ዳበስ አድርጎ፣ «የዘንድሮ የማኅበሩን ብስክሌቶች ሌላ ሰው ያያቸዋል» አላት።

የሱቁ ግማሽ ሥራ በዚያች ቃል ሄደ። ሊስቤት አልተከራከረችም። የበሩን ወረቀት ልጣ ጣለችው።

ከዚያ የዋነስን በቀል መጠበቅ ጀመረች። ይከሰኛል አለች፤ አልከሰሳትም። ስሜን በየኦንላይኑ ያጠፋዋል አለች፤ አንድ ቃል አልጻፈም። ክንዱ እንደታሰረ በየቀኑ በሱቁ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ዞር ብሎ አያይም። ይኼ ከክሱ ባሰባት። ሰባት ቅዳሜ አለፈ። የተጣመመውን ብስክሌት ማምሻ ማምሻውን ጠገነችው። ጎማውን አቀናች። የፍሬኑን ሽቦዎች አውጥታ ቀኙን ወደ ኋላ፣ ግራውን ወደ ፊት አዛወረች። ሞከረችው። ደግማ ሞከረችው። አንዳንዴ ኮርቻውን ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር። ትወደው ነበራ!

በስምንተኛው ቅዳሜ በሩ ተከፈተ። ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። መንፊያውን በጥንቃቄ ተሻገረው።

«እዚህ ቤት ፍሬን በነጻ ነው አሉኝ» አለ።

ሊስቤት ብስክሌቱን ከጥግ አምጥታ ሰጠችው። በደህናው እጁ ቀኙን ያዘ። የኋላው ጎማ ቆመ።

«ልቆጣሽ ልመጣ ነበር» አለ ብስክሌቱን እያየ። «ሰባት ሳምንት የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ከዚያ ሮምባውት ቤቴ መጣ። ዳቦ ይዞ። ሰው ሁሉ ፊት ያልሽውን ነገረኝ።»

«የተናገርኩት ይቅር እንድትለኝ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አሁን እኔ ልናገር። ዋጋው ረክሶልኛል፣ አልዋሽሽም፤ በስምንት መቶ ዩሮ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከአንቺ ከገዛሁ... ብስክሌቱን ትሰጪኛለሽ፣ አመሰግናለሁ እላለሁ፣ ያበቃል። ካርዴን ግድግዳ ላይ ትመቺዋለሽ፣ ከነዚያ ሁሉ ሰዎች ጋር። እኔ ደንበኛሽ መሆን አልፈለግሁም!»

ሊስቤት አፍጥጣ አየችው። መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፣ ከዚያ ንዴት።

«አንተ... አንተ ደደብ! ይኼን በአፍህ ብትነግረኝስ? በአፍህ! ከእንግሊዝ አገር ሳጥን ከምታስመጣ!»

«ፈራሁ።»

«እኔን ፈርተህ አሻግረህ ሸጥከኝ?»

«አዎ። አንቺም ተናደሽ ገደል ሰደድሽኝ።»

የዋነስ አገጭ ላይ የስፌቱ ጠባሳ ቀልቷል። ሊስቤት እጇን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ ነካችው። ግሪስ ተወበት።

«ያምሃል?»

«ሲዘንብ።»

«ይቅር በለኝ ዋነስ... ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ!»

«አንቺም በይኝ።»

«ብያለሁ። በቀልህስ? ሳልመልስ አልቀርም ብለህ ነበር።»

«እሱማ አይቀርም!» አለ ቆጣ ብሎ። «ስሚኝ። በየቅዳሜው እዚህ እመጣለሁ። ወንበርሽ ላይ እቀመጣለሁ፣ ኬክሽን እበላለሁ። ከዚህ ሱቅ ግን እስክሞት ድረስ አንዲት ነገር አልገዛም። ደንበኛሽ አልሆንም! ይኼ ነው በቀሌ።»

ከምድጃው ወገን ጉሮሮ ተጠረገ። ኦክታፍ ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተና የዋነስን ካርድ አወጣ። በእርሳስ የተጻፈችው ካርድ ናት። ሊስቤት ጥላት ነበር። ሽማግሌው ግን አንስቶ አስቀምጧት ኖሯል።

«አባዬ፣ እሱ እኮ አልገዛም። ግድግዳው ላይ አይመታም።»

«ማን ግድግዳው ላይ አለሽ?» አለ ኦክታፍ።

ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ጀርባ ዞረ። እዚያ ደንበኛ የማያየው ቦታ ሦስት ካርድ ብቻ ነው የተመታው። የራሱ፣ የሞተችው ሚስቱና የሊስቤት። ምስማሩን ያዘ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። ዋነስ በደህናው እጁ ምስማሩን ያዘለትና ሊስቤት በመዶሻ መታችው።

በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። ሮምባውት ኬኩን ጋገረ፤ የማኅበሩንም ሥራ መለሰላት። አሁንም በዝናብ ቀን አፋፉ ላይ ቆሞ «ቀኙን ብቻ!» ብሎ ሲጮኽ ዋነስ መጀመሪያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ያያል።

«ልያዝ?»

«ያዝ፣ አይቼዋለሁ» ትለዋለች።

የሳጥኑን ብስክሌት እስከ ዛሬ ይነዳዋል። ከዚያ ሱቅ አንዲት ጎማ ገዝቶ አያውቅም።